ቢሮ ያለቀ ጨዋታ

አጎቴ በሕይወቱ አንድ ብር ኳስ ላይ አስይዞ አያውቅም። ጨዋታ ግን አያመልጠውም። ሰፈራችን ባለው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጥባት የፕላስቲክ ወንበር አለች። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኘ ምንም አይናገርም፤ አጠገቡ ይቆማል። ሰውየው ራሱ ተሳቆ ይነሣል። ጨዋታው ሲጀመር አጎቴ ዝም ነው። ግብ ሲገባም ዝም። ዳኛው የመጨረሻዋን ፊሽካ ነፍቶ ሰው ወንበር መጎተት ሲጀምር ነው አፉን የሚከፍተው። የሚላትም ሁሌ አንድ ናት።

«ተዉት እባካችሁ፣ ይሄ ቢሮ ያለቀ ነው።»

ልጅ ሆኜ ያ ቢሮ የት እንደሚገኝ ሳስብ እውል ነበር። በሐሳቤ የቀበሌያችንን ቢሮ ይመስላል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ አቧራ የጠጣ መዝገብ፣ ማኅተም፣ «ነገ ተመለስ» የሚል ሰውዬ። ከዚያ ጀርባ ደግሞ የማንቸስተርና የአርሰናል ውጤት በካርቦን ወረቀት ሁለት ኮፒ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል።

ሰሞኑን ይህ ቢሮ እንደገና ትዝ ያለኝ በጓደኛዬ ምክንያት ነው። ስምንት ጨዋታ የያዘች የውርርድ ቲኬት ቆርጦ መጣ፤ ስምንቱም ካልገቡ ገንዘብ የለም። ያስያዘው 50 ብር ነው። ሰባቱ ጨዋታዎች አንድ በአንድ ገቡለት። ስምንተኛው ላይ የሚፈልገው፣ 1 ለ 0 እየመራ ያለው ቡድን እንደመራ እንዲጨርስ ብቻ ነው። 90 ደቂቃ ሞላ። አምስት ደቂቃ ባከነ ሰዓት ታየ። በሦስተኛው ደቂቃ ኮርነር፣ ግርግር፣ ከዚያ ኳሷ የአንዱን ተከላካይ ጉልበት ገጭታ ገባች። አለቀ። ጓደኛዬ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቲኬቷን እንደ ደብዳቤ አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። የተበላ ቲኬት ማን ያስቀምጣል? ከዚያ በጣም ረጋ ብሎ፣ «ስክሪፕት ነው» አለ። «እኔን ነው የጠበቁት።»

አጎቴ በግራ በኩል ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ትውልድ፣ አንድ ቢሮ።

ቤት ስገባ የጓደኛዬ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አልለቀኝም። እኔን ነው የጠበቁት። በእንግሊዝ ሜዳ ላይ 22 ሰው፣ ዳኞች፣ በቪዲዮ የሚዳኘው የቫር ክፍል፣ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ፣ ሁሉም ተባብሮ የአንድ የአዲስ አበባ ልጅ 50 ብር እየጠበቀ። ሳቄ መጣ። ግን ብዙ አልሳቅሁም፤ እኔም ያልኩትን አውቃለሁና።

ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰው ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ዲኤስቲቪ ቤቱ እስከ በሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከውጭ በመስኮት የሚያይም አለ። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ሦስተኛው ጨዋታ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ነበር። እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘናል። ከዚያ ፔናሊቲ ተሰጠብን፤ ቪክቶር ሞሰስ አገባ። ሊያልቅ ሲል ሌላ ፔናሊቲ። በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሪ ጨርሰናል። አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ ሲቆም ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ እስካሁን እሰማዋለሁ። ሞሰስ ደገመው። ናይጄሪያ ወደፊት ሄዳ ዋንጫውን ወሰደች።

ያን ማታ «ካፍ ናይጄሪያን ስለፈለገ ነው» ብዬ የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራውን ድርጅት የከሰስኩት እኔ ነኝ። ማስረጃዬም ዝግጁ ነበር። ትልቅ አገር፣ ብዙ ተመልካች፣ ብዙ ስፖንሰር። ማን ኢትዮጵያን ሩብ ፍጻሜ ላይ ይፈልጋል? ሰው ሁሉ «ልክ ነህ» አለኝ። በሰፈሬ ያን ያህል የተደመጥኩበት ቀን የለም። ከዚያ ወዲህ ያንን ጨዋታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አሁን የሚታየኝ 80 ደቂቃ ሲሮጥ የዋለ የደከመ እግር ነው። ያኔ ግን የደከመ እግር ምንም አያጽናናም ነበር።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ደቡብ አፍሪካን ገጠምን። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። በርናርድ ፓርከር አገባብን። ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ያው ፓርከር፣ ራሱ፣ ኳሷን የራሱ ቡድን መረብ ውስጥ ከተታት። 2 ለ 1። አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ለሁለቱም ቡድን አገባ። እውነቱን ለመናገር «ስክሪፕት» የሚሸት ነገር ካለ ይሄ ነው። ከተማው በክላክስ ተናወጠ። ሰው መኪና ጣሪያ ላይ ወጣ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል «ፓርከር ተገዝቶ ይሆን?» ያለ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። አጎቴ እንኳ የዘወትር ዓረፍተ ነገሩን ረስቷት ነበር። እሱም ዓይኑን እየጠራረገ «ልጆቹ!» ብቻ ነው ያለው።

ቢሮው የሚከፈተው ስንሸነፍ ብቻ ነው ማለት ነው።

የዚያ ቀን ደስታ ግን ሌሊቱን አልተሻገረም። በዚያው ዕለት ፊፋ ኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ሰኔ 1 ቀን ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ምንያህል ደግሞ ከዚያ በፊት በማጣሪያው ሁለት ቢጫ አይቷል፤ ያን ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ድላችን ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ። ሦስት ነጥብ በነነ።

ወሬው ወዲያው ተወለደ። «ደቡብ አፍሪካ ፊፋን ገዛችው።» «ከውስጥ የሸጠን ሰው አለ።» «ሆን ተብሎ ነው፤ አለበለዚያ እንዴት ሁለት ቢጫ መቁጠር ያቅታቸዋል?» ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ እኔንም ይዛኝ ነበር። እስቲ አስቡት። አንድ ሙሉ ብሔራዊ ቡድን፣ ከጀርባው አሠልጣኝ፣ ቡድን መሪ፣ ጽሕፈት ቤት አለ። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ወረቀት ላይ አንድ፣ ሁለት ብሎ አይቆጥርም? መልሱ አይቆጥርም ነው። ፌዴሬሽኑ ራሱ ስህተቱን አመነ። ማንም አልሸጠንም። ዝም ብሎ ማንም አልቆጠረም።

ይህን መዋጥ ግን ከሻጥር የበለጠ ይተናንቃል። ሻጥር ቢሆን ኖሮ ጠላት አለን፣ ያውም ትልቅ ጠላት። ዙሪክ፣ ፊፋ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ስለእኛ የሚጨነቅ። ዝርክርክነት ግን ምን ይባላል? ለማን ይነገራል? ደግነቱ ከዚያም ተርፈን እስከ መጨረሻው ዙር ሄድን፤ ያው ናይጄሪያ ነች ያስቀረችን።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው፣ «ስለዚህ ኳስ ንጹሕ ነው ልትለን ነው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ጨዋታ ይሸጣል። በፍርድ ቤትም በፊፋም የተረጋገጠ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን የተረጋገጡት ነገሮች እኛ ከምናወራው ጋር አለመመሳሰላቸው ነው።

ሰሜን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖሎክዋኔ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ፒተር ሞካባ የሚባል ስታዲየም ለ2010 የዓለም ዋንጫ ተሠራ። ግንቦት 31 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.፣ ዋንጫው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ደቡብ አፍሪካ እዚያ ሜዳ ላይ ጓቲማላን በወዳጅነት ጨዋታ 5 ለ 0 አሸነፈች። ዳኛው ኢብራሂም ቻይቡ የሚባል የኒጀር ሰው ነበር። በእጅ ነክታለች እያለ ፔናሊቲ እንደ ከረሜላ ሲያድል ዋለ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ ፊፋ ዕድሜ ልክ አገደው። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ስታዲየም ደቡብ አፍሪካ ከሴኔጋል ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወተች። የጋናው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴይ በሴኔጋሉ ተከላካይ ካሊዱ ኩሊባሊ ላይ የእጅ ኳስ ብሎ ፔናሊቲ ሰጠ። በምስሉ ላይ ኳሷ የነካችው እግሩን ነው። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። ላምፕቴይ በ2017 እ.ኤ.አ. ዕድሜ ልክ ታገደ፣ ጨዋታው ተሰርዞ እንዲደገም ተወሰነ፣ ሴኔጋል በድጋሚው 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ሩሲያ አለፈች።

አሁን ልብ በሉ። ላምፕቴይ ለምን ነበር ያን ፔናሊቲ የሰጠው? ደቡብ አፍሪካ እንድታሸንፍ? እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ የታወቀው ግን በውርርድ ገበያው ነው። ገንዘቡ የፈሰሰው «ማን ያሸንፋል» የሚለው ላይ ሳይሆን «ስንት ግብ ይገባል» የሚለው ላይ ነበር። ግብ ይብዛ እንጂ ማንም ያግባው። የጓቲማላው ጨዋታም ታሪኩ ያው ነው። ፔናሊቲ የሚታደለው ቁጥር ለመሙላት ነው።

ይህን ሳውቅ የሆነ ነገር ውስጤ ተሰበረ። እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን «ሊያሸንፉን ነው፣ ሊያዋርዱን ነው» ስንል፣ እውነተኛው ሌባ ባንዲራችንን እንኳ አላየውም። ማን ተጫወተ፣ ማን አለቀሰ፣ ጉዳዩ አይደለም። እሱ እንደ ነጋዴ የሚቆጥረው ከሁለት በላይ፣ ከሦስት በላይ ብቻ ነው። እንደ ጠላት ቆጥሮን እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነበር።

ሌላው የገረመኝ የዋጋው ነገር ነው። ነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሮበርት ሆይዘር የሚባል ወጣት ዳኛ የሃምቡርግንና የፓደርቦርንን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ዳኘ። ፓደርቦርን የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ነው። ሃምቡርግ 2 ለ 0 መራ። ሆይዘር ለፓደርቦርን ሁለት ፔናሊቲ ሰጠ፣ የሃምቡርጉን አጥቂ ኤሚል ምፔንዛን በቀይ አወጣ፣ ጨዋታው 4 ለ 2 ተገለበጠ። በኋላ ሲመረመር በበርሊን አንድ ካፌ ከሚቀመጡ የቁማር ሰዎች ጋር ይሠራ እንደነበር ታወቀ። በጠቅላላው ያገኘው 67,000 ዩሮ ነው። እና አንድ ቴሌቪዥን። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን! እኔ በዚህ ጉዳይ የማልረሳት ይቺን ቴሌቪዥን ነው። የተፈረደበት ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነው። ያጋለጡት መጀመሪያ የሙያ ባልደረቦቹ፣ ሌሎች ዳኞች ናቸው።

አሜሪካኖች ደግሞ በዚህ ነገር ከእኛ ይብሳሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ አዳዲስ ተጫዋቾችን የትኛው ቡድን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚለይበትን የመጀመሪያውን የምልመላ ዕጣ አወጣ። ሰባት ፖስታ ነበር። ኮሚሽነሩ ዴቪድ ስተርን እጁን ከትቶ የኒውዮርክ ኒክስን ፖስታ አወጣ፤ ኒክስም ሁሉም የሚመኘውን ወጣት ተጫዋች ፓትሪክ ዩዊንግን ወሰደ። እስከ ዛሬ ድረስ «ፖስታው ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ቀዝቅዞ ነበር፣ በእጁ እንዲለየው» የሚሉ አሉ። «ጫፉ ታጥፎ ነበር» የሚሉም አሉ። የቪዲዮውን እያንዳንዱን ሰከንድ በትነው ያያሉ። አንዳችም ነገር አልተረጋገጠም። እንበልና እውነት ነው፤ ያ ሁሉ ተንኮል ለኒክስ ከሆነ፣ ዩዊንግ ኒውዮርክ በቆየበት ዘመን ሁሉ አንድም ዋንጫ አልወሰደም። ጸሐፊው መጨረሻውን ረስቶታል ማለት ነው።

በተቃራኒው የተረጋገጠውን ተመልከቱ። ቲም ዶናጊ የዚያው የኤንቢኤ ዳኛ ነበር። 13 የውድድር ዘመን ፊሽካ ነፍቷል። ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ይወራረድ ነበር፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹም በስልክ ጥቆማ ይሰጥ ነበር። ለትክክለኛ ጥቆማ መጀመሪያ 2,000፣ በኋላ 5,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የ15 ወር እስራት ተፈረደበት። ኤፍቢአይ የደረሰበት እሱን ሲፈልግ አልነበረም፤ ማፍያዎችን ሲከታተል በመሐል የሱ ነገር ተገኘ። ቁማር የያዘው ሰው፣ የድሮ ጓደኞች፣ ስልክ። በየሰፈሩ ያለ ታሪክ። ቢሮ የለበትም።

እና ደግሞ ሳቅ የሚያመጣም አለ። መስከረም 2010 እ.ኤ.አ. ባህሬን ከቶጎ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አድርጋ 3 ለ 0 አሸነፈች። የቶጎ ፌዴሬሽን ሲጠየቅ «እኛ ቡድን አልላክንም» አለ። ሜዳ ላይ የሮጡት ማን እንደሆኑ እንጃ፤ ቶጎዎች ግን አልነበሩም። የባህሬኑ አሠልጣኝ እንኳ 90 ደቂቃ የመጫወት አቅም የላቸውም ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ከነገሩ ጋር ስሙ የሚነሣው የሲንጋፖሩ ዊልሰን ራጅ ፔሩማል በ2011 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ በሐሰተኛ ፓስፖርት ተይዞ ታሰረ። ሰውየው ሙሉ ብሔራዊ ቡድን ፈጥሯል ይባላል። ግን የት? ካሜራ በሌለበት፣ ማንም በማያየው ጨዋታ። እኛ ደግሞ የምንጠረጥረው ዓለም ሁሉ ዓይኑን የተከለበትን ነው።

የራሴንም ልናገር፤ ለሌላው ስፈርድ እኔ ንጹሕ እንዳልመስል። ቤቲንግ ቤቶች በየጥጉ በተከፈቱ ሰሞን፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ወደቅሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው በሽ ነው። «100 ፐርሰንት ፊክስድ። ከአውሮፓ ቀጥታ ምንጭ።» በየቀኑ የበላ ቲኬት ፎቶ ይለጠፋል። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። በነጻ ሁለት ጨዋታ ላኩልኝ፤ ሁለቱም ገቡ። ለሦስተኛው 500 ብር በቴሌብር ላክሁ። ከዚያ ምን ሆነ? ሦስተኛውም ገባ! እስካሁን ድረስ ያፈርኩበት ይሄ ነው። ባይገባ ኖሮ በ500 ብር ተምሬ እወጣ ነበር። ስለገባ አራተኛውን በ2,000 ብር ገዛሁ። እሱ በላኝ። ስጽፍላቸው አስቀድመው ብሎክ አድርገውኛል።

ሰዎቹ ከአውሮፓ ምንም ምንጭ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ማካፈል ብቻ ነው። 900 ሰው አለ እንበል። ለ300ው «ባለ ሜዳው ያሸንፋል» ትላለህ፣ ለ300ው «አቻ»፣ ለ300ው «እንግዳው»። ጨዋታው እንዴትም ይለቅ፣ 300 ሰው እውነት ነገርከው። ለነሱ ብቻ ቀጣዩን በሦስት ትከፍላለህ፤ 100 ሰው ሁለት ተከታታይ እውነት አየ። እንደገና፤ አሁን 33 ሰው ሦስት ጊዜ በዓይኑ አይቷል። እነዚህ 33 ሰዎች ከእንግዲህ ንብ ቢነድፋቸው አይነቃነቁም። ለጓደኞቻቸው ይምላሉ። የቀሩት 867ቱ የት ናቸው? ብሎክ ተደርገው ዝም ብለዋል፤ የተበላ ሰው ደግሞ አያወራም። እኔ ከ33ቱ አንዱ ነበርኩ። እንደተመረጥኩ፣ የቢሮው በር ለእኔ ገርበብ እንዳለልኝ ነበር የተሰማኝ።

አሁን ሲገባኝ የጓደኛዬ «እኔን ነው የጠበቁት» እና የእኔ «ለእኔ ነው የነገሩኝ» አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው።

የሚቸግረኝ ሌላ ነገር አለ። «የተቀነባበረ» የምንለው ነገር ድንበሩ የት ነው? ነሐሴ 1996 ዓ.ም.፣ አቴንስ፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ቀነኒሳ በቀለ፣ ስለሺ ስህን እና ኃይሌ ገብረሥላሴ አብረው እየሮጡ ነው። ኃይሌ ጉዳት አለበት፤ ወደኋላ መቅረት ጀመረ። ቀነኒሳ ዞር ዞር እያለ ያየዋል። ፍጥነታቸውን ቀነሱለት። ጠበቁት። ደረሰባቸው፤ እንደገና ቀረ። በመጨረሻ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ የኤርትራው ዘረሰናይ ታደሰ ነሐስ ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ያንን የጠበቁትን ዙር ያላለቀሰበት ኢትዮጵያዊ አላውቅም። እኔ ዛሬም ሳየው ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ይህን «ሻጥር» ብሎ የሚጠራ ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ።

ከዚያ ሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. መጣ። የቤይጂንግ ግማሽ ማራቶን። ቻይናዊው ሄ ጂ እና ሦስት አፍሪካውያን ወደ መጨረሻው መስመር አብረው ደረሱ። ሁለቱ ኬንያውያን ናቸው፤ ሮበርት ኬተርና ዊሊ ምናንጋት። ሦስተኛው የእኛው ደጀኔ ኃይሉ ነው። ሦስቱ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። አንዱ በእጁ «እለፍ» አለው። ሄ ጂ በ1:03:44 አንደኛ ሆነ፤ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ተከትለውት ገቡ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ምናንጋት ለቢቢሲ ሲናገር፣ እነሱ የተቀጠሩት አሯሯጭ ሆነው ሄ ጂ የቻይናን ክብረ ወሰን፣ 1:02:33ን፣ እንዲሰብር ለመርዳት ነው አለ። ችግሩ፣ አሯሯጭ ተብለው አልተመዘገቡም፤ ደረታቸው ላይ የተለጠፈው የተወዳዳሪ ቁጥር ነበር። የአራቱም ሜዳልያና ሽልማት ተነጠቀ።

ቪዲዮውን መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። «ይኸው! በጠራራ ፀሐይ!» ብዬ ለጓደኛዬ ላክሁለት። በኋላ ሳስበው ግን ያቺ እጅና ቀነኒሳ ወደኋላ የዞረባት አንገት አሳሰቡኝ። ሁለቱም ቦታ የሚችል ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ዘግይቷል። አንደኛውን በእንባ አየሁ፣ ሌላውን በንዴት። ልዩነቱን አውቃለሁ፤ አንደኛው በፍቅር ነው፣ ሌላው በኮንትራት። ቀነኒሳ ወርቁንም አሳልፎ አልሰጠም። ግን ቻይናዊ ብሆን ኖሮ ምን እል ነበር? ወይስ በአቴንሱ ሜዳ የሌላ አገር ሯጭ ብሆን? እዚህ ላይ መልሴ አይጠራም። የተቀነባበረ ነገር እንደማልጠላ ብቻ ነው የገባኝ። ለእኔ ሲሆን እወደዋለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። አጎቴ ወንበሩ ላይ ነው። ጓደኛዬ አዲስ ቲኬት ቆርጧል፤ አሁን ስድስት ጨዋታ ብቻ፣ «ተጠንቅቄያለሁ» ይላል። እረፍት ላይ ሻይ ይዤ አጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩና የፖሎክዋኔውን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የፖስታውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። የሐሰተኛው ቶጎ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ።

«እና ቢሮ የለም ነው የምትለኝ?»

«ካፌ ነው ያለው ጋሼ። ካፌና ስልክ።»

ሻዩን ፉት አለ። ትንሽ አሰበ። «ካፌም ቢሮ ነው» አለኝ።

ምን ይባላል? ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። 1 ለ 1 ነው። ትንሽ ቆይቼ ግን አንድ ነገር አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ቢሮ ያለቀ ከሆነ ታዲያ 40 ዓመት ሙሉ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ ከፍ አደረገ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገና ጫን አለኝ።

«ዝም በል እስቲ። ኮርነር ነው።»